ሰኔ በጥቁር ቀለም

ከጃፓን ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ይዣቸው የመጣሁት ወረቀቶች ከመኝታዬ በላይ በወጠርኩት ሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል። ሃያ ሰባት ናቸው። ይህን የምጽፈው እነሱን ቀና ብዬ እያየሁ፣ ማታ ማታ በደብተሬ የያዝኩትን እየገለጥኩ ነው።

መነሻውን ላስቀድም። አያቴ ጎጃም ውስጥ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ፤ ሥራዬም ከምጣድና ከድስት ቂጥ ጥቀርሻ መፋቅ ነበር። አባባ ጥቀርሻውን ከተቆላ የገብስ ዱቄት፣ ከቅጠልና ከሙጫ ጋር ለውሰው በማሰሮ ይከድኑታል፤ ለወራት ይብላላል። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ያ ቀለም ብራና ላይ ሲያርፍ ድቅድቅ ጥቁር ነው፤ ለፊደል የተሠራ ነውና መቅጠን አይፈቀድለትም። አድጌ ሥዕል ስማር፣ ጃፓኖች ሱሚ የሚሉት ቀለም እሱም ከጥቀርሻና ከእንስሳ ሙጫ እንደሚሠራ፣ እነሱ ግን ውኃ እያጠጡት አበባና የአትክልት ቦታ እንደሚሥሉበት አየሁ። የአባባ ቀለም ዘመድ ባሕር ማዶ አበባ መሆኑ ለዓመታት ከልቤ አልወጣም። ሁለት ዓመት ቆጥቤ ሄድኩ።

ሰኔን የመረጥኩት አስቤበት ነው። የቼሪው አበባ ሲፈካ ዓለም ሁሉ ስለሚጎርፍ አልጋው አይቀመስም። ሰኔ ግን እዚያም የዝናብ ወር ነው። ጹዩ ይሉታል፤ የሚጻፍባቸው ሁለት ፊደላት ሲፈቱ «የኡሜ ዝናብ» ማለት ነው፤ ኡሜ የሚባለው ኮምጣጣ ፍሬ የሚበስልበት ጊዜ ስለሆነ። ዝናብ የሚወዱ አበቦች የሚፈኩት ያኔ ነው።

ሰኔ 6፣ ቶኪዮ፣ ዮጹጊ

አውሮፕላናችን ሴኡል ላይ ቆም ብሎ ናሪታ አረፈ። ከዚያ ወደ 1,100 የን ከፍዬ በባቡር አኦቶ ደረስኩ፤ እዚያ ቀይሬ ዮጹጊ ወረድኩ። ለሒሳቡ እንዲመቻችሁ፣ እኔ በሄድኩበት ጊዜ አንድ የን ከአንድ ብር ብዙም አይርቅም ነበር።

ዮጹጊ ካትሱሺካ በሚባለው የቶኪዮ ክፍል ያለች ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች ሠፈር ናት። በቶኪዮ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚገኙት እዚህ አካባቢ ነው። የአክስቴ ልጅ ጣቢያው በር ላይ ጠበቀችኝ። የሰኔ ጾም ገብቶ ስለነበር ሽሮ ሠርታ ነው የቆየችኝ። ማታ ቡና እያፈላች አጥብቃ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ምግብ ስታዢ ‹ዳሺ አለበት ወይ?› ብለሽ ጠይቂ። ዳሺ የዓሣ መረቅ ነው፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሁሉ ውስጥ አለ።»

ሰኔ 7፣ የሜይጂ መቅደስ

በማግሥቱ ሜይጂ ጂንጉ ሄድኩ። የቶኪዮ ጫጫታ መሐል እንዲህ ያለ ጫካ አለ ብሎ የሚገምት የለም፤ በሩን አልፎ አሥር እርምጃ ሲሄዱ መኪናው ሁሉ ይጠፋል። ውስጠኛው የአትክልት ቦታ መግቢያው 500 የን ነው። አፄ ሜይጂ ለእቴጌያቸው ያስተከሉት የአይሪስ መስክ እዚያ አለ፤ 150 ያህል ዓይነት፣ 1,500 ያህል ተክል። ጃፓኖች ሃናሾቡ ይሉታል።

በሁለት ጥላ ኮረብታ መሐል እንደ ጅረት ተጠማዞ የሚሄድ ረግረግ ነው፤ አበቦቹ ከጉልበት በላይ ቆመው ነጭ፣ ወይን ጠጅ፣ ወይን ጠጅ ሥር የተሠራጨበት ነጭ ሆነው ይታያሉ። ከላይ ሦስት ትናንሽ አበባ ቅጠሎች ይቆማሉ፤ ከታች ሦስት ሰፋፊ እንደ ነጠላ ጫፍ ይወድቃሉ። በወደቁት ላይ፣ ከእንብርቱ ጀምሮ የቢጫ ምላስ አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በእርሳስ ንድፍ ያዝኩ። የአበባውን አወዳደቅ ሳልይዘው ነው የወጣሁት።

ከሰዓት በኋላ ወረቀት ልግዛ ብዬ አንድ ትልቅ የሥዕል ዕቃ መደብር ገባሁ። ከመደርደሪያው በጣም ያማረውን መረጥኩ፤ ሃያ ገጽ በ3,800 የን። የዚህን ወረቀት ነገር ወደፊት አነሳዋለሁ።

ሰኔ 8፣ ካማኩራ

ከቶኪዮ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሰሜን ካማኩራ ጣቢያ ስወርድ የምፈልገውን ቤተ መቅደስ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሰው ሁሉ ጃንጥላ ይዞ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ሜይጌጹ-ኢን «የአጂሳይ ቤተ መቅደስ» ይባላል፤ አጂሳይ እኛ ሃይድሬንጃ የምንለው ነው። አርባ ደቂቃ ተሰልፌ 500 የን ከፍዬ ገባሁ።

2,500 ያህል ቁጥቋጦ አለ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰማያዊ። በድንጋዩ ደረጃ ግራና ቀኝ እስከ ትከሻ ድረስ ሰማያዊ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሰውም ገንዘብም ባነሰበት ጊዜ ብዙ እንክብካቤ ስለማይፈልግ የተከሉት እንደሆነ ይነገራል። አጂሳይ መልኩን የሚቀበለው ከአፈሩ ነው፤ አፈሩ ኮምጣጣ ሲሆን አሉሚኒየም ወደ ሥሩ ይገባና አበባው ሰማያዊ ይሆናል፤ ካልሆነ ወደ ሮዝ ያደላል። አበባ ቅጠል የሚመስሉት አራት አራቶቹም በእውነቱ የአበባው መያዣ ናቸው፤ እውነተኛው አበባ መሐላቸው ያለችው ትንሽ ነጥብ ናት። አንዱን ራስ በእጄ ደገፍ አድርጌ ሳየው ከመቶ በላይ አራት ማዕዘኖች እርስ በርስ ተደራርበው፣ በእያንዳንዱ ጠርዝ የዝናብ ጠብታ ቋጥሮ ነበር።

አንድ ጥያቄ ይዤ ወጣሁ፤ ጥያቄው እስከ ናራ ተከተለኝ፦ ይህን ሰማያዊ በጥቀርሻ እንዴት ይሥሉታል?

ጣቢያው ደርሼ ቦርሳዬን ስከፍት የጠርሙስ ቀለሜ ክዳኑ ላልቶ ፈሷል። የአክስቴ ልጅ ጃንጥላ፣ ነጭ ሸሚዜ፣ የዳቦ መያዣዬ፣ ሁሉም ጥቁር ሆኗል። አንዲት እናት ከልጃቸው ጋሪ ሙሉ እሽግ የሚጠርግ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ፤ ጎንበስ ብለው ወለሉንም አብረውኝ ጠረጉ። ጥቀርሻ ከጨርቅ አይለቅም፤ አያቴም ቤት ያልታጠበ ቀሚስ ነበረኝ። ሸሚዙን እዚያው ተሰናበትኩት።

ሰኔ 10፣ ኪዮቶ

ፈጣኑ ባቡር 14,000 የን ይደርሳል። እኔ በሌሊት አውቶቡስ በ7,000 ሄድኩ፤ ወገቤ እስከ ማግሥቱ ቢከሰኝም የአንድ ሌሊት አልጋም ተርፎልኛል። ከተማ ውስጥ አውቶቡሱ የትም ቢሄዱ 230 የን ነው፤ የሚገባው በኋላ በር፣ የሚከፈለው ሲወርዱ በፊት በር ነው። ይህን ሳላውቅ በፊት በር ልገባ ስል ሾፌሩ በእጁ አመላክቶ እስክዞር ጠበቀኝ።

ያረፍኩት በሰሜን ኪዮቶ ባለ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው፤ ለሌሊት 4,200 የን። የቤቱ እመቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ጫማዬን አፍንጫውን ወደ በሩ አዙረው አስቀመጡልኝ። በሰኔ ርጥበት ወረቀት እንደማይደርቅ ያውቁ ስለነበር ለሥዕሎቼ የልብስ ማስጫቸውን ለቀቁልኝ። በሄድኩበት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው ነው የገጠመኝ።

ሰኔ 11፣ የመጀመሪያው ትምህርት

መምህራችን ሰማንያ ሊሞላቸው የቀረበ ሴት ናቸው። ሁሉም «ሴንሴ» ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ። የሁለት ሰዓት ትምህርት 3,500 የን ነው። ተማሪዎቹ አምስት ነበርን፤ ከመሐላችን ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ እንግሊዝኛ ስለሚያውቁ አስተረጎሙልኝ።

የቀለም ጠርሙሴን ሳወጣ ሴንሴ በሁለት እጃቸው ተቀብለው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። በምትኩ ሱዙሪ፣ ማለትም የቀለም መፍጫ ድንጋይ፣ እና አንድ ጣት የሚያህል ደረቅ የቀለም ዘንግ ፊቴ አኖሩ። ድንጋዩ ደረቅና ዘቅዘቅ ያለ ሜዳ አለው፤ ጫፉ ላይ ጉድጓድ። ሜዳውን «የብስ»፣ ጉድጓዱን «ባሕር» ይሉታል። በየብሱ ላይ ትንሽ ውኃ ጠብ ይደረጋል፤ ዘንጉ ቀስ እያለ ይዞራል፤ የጠቆረው ወደ ባሕሩ ይወርዳል።

እኔ ቡና እንደሚወቅጥ ሰው ጫን ጫን አድርጌ ጀመርኩ። ሴንሴ እጃቸውን እጄ ላይ አሳርፈው አስቆሙኝና የቆየ አባባል ነገሩኝ፦ ቀለም ሲፈጭ እንደ በሽተኛ፣ ብሩሽ ሲያዝ እንደ ጎበዝ። ተጭኖ የተፈጨ ቀለም ቅንጣቱ ይሻክራል፤ ሲቀጥን ወረቀቱ ላይ ያሳብቃል። ሃያ ደቂቃ ፈጨሁ። የመጀመሪያው ቀን በሙሉ መፍጨትና መስመር ብቻ ሆኖ አለቀ። በመስመሩ አልተከፋሁም፤ አባባም ደቀ መዛሙርቱን ፊደል ከማስያዛቸው በፊት ብርዕ ማቅረጽ ነበር የሚያስተምሯቸው።

ወረቀቴን ያወጣሁት ያኔ ነው። ሴንሴ በጣታቸው ጫፍ ውኃ ነክተው ጠብ አደረጉበት፤ ጠብታው እንደ ኮባ ቅጠል ላይ ውኃ ቁጭ አለ። የገዛሁት በሙጫና አሉም በሚባል ጨው የታጠበ ወረቀት ኖሯል። ዝርዝር በቀጭን ብሩሽ ለሚሠሩ ሰዎች ነው የሚሆነው፤ ለእኛ ሥራ ቀለም የሚጠጣ ወረቀት ያስፈልጋል። ከራሳቸው አሥር ገጽ ሰጡኝ፤ ዋጋውን ሊነግሩኝም አልፈለጉም።

ከትምህርት መልስ ኄያን መቅደስ ደረስኩ፤ አትክልቱ 600 የን ነው። አይሪሱ እያለፈ ነበር። አንድ አትክልተኛ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ የጠወለጉትን አንድ በአንድ እየቀነጠበ ቅርጫት ይሞላል። ኩሬው ላይ ክብ ክብ የድንጋይ መረማመጃ አለ፤ ድንጋዮቹ የድሮ የከተማዋ ድልድዮች ምሰሶ ነበሩ። መሐሉ ላይ ቆሜ የጠወለገ አይሪስ አየሁ፤ አበባ ቅጠሉ እንደ ረጠበ መሐረብ ተጠቅልሎ ወደ ራሱ ገብቷል። ቶኪዮ ላይ ያቃተኝን አወዳደቅ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ሰኔ 12 እና 13

ሚካኤል ነበር፤ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣች ደወለች። «ምን ትበያለሽ?» አለችኝ፣ የእናት የመጀመሪያ ጥያቄ። ቶፉ፣ ዩባ የሚሉት ከአኩሪ አተር ወተት ላይ የሚገፈፍ ስስ ሽፋን፣ ሩዝ በኡሜ ፍሬ። የኡሜው ሩዝ በሦስት ማዕዘን ተጠቅልሎ በትናንሽ ሱቆች በ150 የን ይሸጣል፤ መሐሉ ያለው ፍሬ ጨውና ሎሚ በአንድ ላይ የነከሱ ያህል ነው። ለጉዞዬ የልብ ወዳጅ ሆነኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ግን ሶባ የሚሉትን እንደ ፓስታ ያለ ክር ምግብ ቀዝቃዛውን በላሁ፤ ከበላሁ በኋላ ማጥቀሻውን ስጠይቅ ዳሺ አለበት። አዘንኩ፤ ሳላውቅ ነው ብዬ ቀጠልኩ።

በእነዚህ ሁለት ቀናት አይሪስ ተማርኩ። ዘዴው እንዲህ ነው። ሦስት ትናንሽ ሳህኖች ይቀርባሉ፤ ቀጭን፣ መካከለኛና ወፍራም ቀለም። ብሩሹ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ በቀጭኑ ይነከራል፤ ከዚያ እስከ ወገቡ በመካከለኛው፤ መጨረሻ ጫፉ ብቻ በወፍራሙ። ብሩሹ ጋደም ብሎ ወረቀቱን ሲነካ በአንድ ምት ከጥቁር እስከ ጉም የሚደርስ አበባ ቅጠል ይወጣል። መልሶ መነካካት የለም። ዘይት ቀለም የለመደ እጅ «ቆይ ላስተካክለው» ይላል፤ እዚህ የተነካካ ቦታ ወዲያው ይቆሽሻል። አንድ የወደቀ አበባ ቅጠል ለማግኘት ሰማንያ ያህል ምት አሳለፍኩ፤ ቆጥሬአለሁ። ቢጫዋን ምላስ የሚሥሏት ባለመሥራት ነው፤ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይተዋል፣ ያየ ሰው ቢጫ መሆኗን ያውቃል።

ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነበር። ብራናችን ላይ ጥቁሩ ነው የሚናገረው፤ እዚህ ጥቁሩ የሚደክመው ነጩ እንዲናገር ነው።

ሰኔ 17፣ ናራ

ወደ ናራ የሄድኩት ቀለም ሲሠራ ለማየት ነበር። የጃፓን ደረቅ ቀለም አብዛኛው የሚወጣው ከዚህች ከተማ ነው። ኮባይኤን የሚባለው ቤት ከ1577 እኤአ ጀምሮ ሠርቷል፤ በእኛ አፄ ሠርፀ ድንግል በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ደጁ ላይ ስደርስ ሱቁ ክፍት ነው፣ ሥራው ግን ቆሟል። ቀለም የሚሠራው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ብቻ ነው፤ በሙቀት ሙጫው ይበሰብሳል። አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። አባባ ቀለማቸውን የሚያብላሉት፣ እነዚህ ግን እንዳይብላላ ብርድን የሚጠብቁት! ሁለቱ ዘመዳሞች የተለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ሽታው ግን አላሳፈረኝም። ሱቁ ውስጥ ከጥቀርሻው ጋር የተቀላቀለው ሽቶ እንደ ዕጣን አየሩን ሞልቶታል፤ የሙጫውን ጠረን ለመሸፈን ነው የሚጨመረው። አሠራሩን በሥዕልና በአሮጌ ዕቃ ተከተልኩ። በጨለማ ክፍል የሸክላ ኩራዞች ተደርድረው ዘይት ይነዳል፤ ከላያቸው በተደፋው የሸክላ ክዳን ላይ ጥቀርሻው ይጠራቀማል፤ ሠራተኛው ክዳኑን በየጊዜው እያዞረ በእኩል እንዲይዝ ያደርጋል። ጥቀርሻውና የቀለጠው ሙጫ እንደ ቤት ጭቃ በእግር ይረገጣል፣ በእጅ ይታሻል። በእንጨት ቅርጽ ይጫናል። ከዚያ የሚደርቀው በአመድ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ በርጥብ አመድ፣ በየቀኑ ደረቅ ደረቁን እየለወጡ፤ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃልና። በመጨረሻም በገለባ ተጎንጉኖ ከጣራው ይንጠለጠላል።

የካማኩራውን ጥያቄዬን በስልኬ አስተርጉሜ ለሻጯ አሳየኋቸው። አንብበው ፈገግ አሉና ሁለት ዘንግ አወጡ። በሁለት ሳህን ፈጭተው በብዙ ውኃ አቀጠኗቸውና ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጠብ አደረጉ። አንደኛው ከዘይት ጥቀርሻ የተሠራ ነው፤ ሲቀጥን ወደ ቡናማ ያደላል፣ ይሞቃል። ሁለተኛው ከጥድ እንጨት ጥቀርሻ ነው። እሱ ሲቀጥን ሰማያዊ ሆነ። ሰማያዊ ቀለም አልተጨመረበትም፤ ጥቀርሻው ራሱ ነው። ጎህ ሳይቀድ ያለ ሰማይ ዓይነት ሰማያዊ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሻጯም ዝም ብለው ጠበቁኝ።

የጥዱን ዘንግ በ3,300 የን ገዛሁ። ምሳዬን ከአጋዘኖቹ መናፈሻ ጥግ በላሁ፦ ካኪ በሚባለው የፍሬ ዛፍ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ። የናራ ሰዎች በአብዛኛው ዓሣ ነው የሚያደርጉበት፤ እኔ የአትክልቱን ፈልጌ አገኘሁ። ቅጠሉን ስገልጠው የሚወጣው ሽታ በኮባ የተጋገረ ድፎን አስታወሰኝ፤ የማይበላው ቅጠል ለሚበላው ሩዝ ሽታውን ሲሰጠው ማለቴ ነው።

ሰኔ 19፣ ዳይሰን-ኢን

ከማርፍበት ቤት በእግር የሚደረሰው ዳይቶኩጂ ብዙ ትናንሽ ገዳማትን የያዘ ግቢ ነው። ዳይሰን-ኢን ከእነሱ አንዱ ነው፤ ዋናው አዳራሹ በ1513 እኤአ ተሠርቷል። የደረቅ ድንጋይ አትክልቱ ጠባብ ነው፤ የእኛን ሳሎን ሁለት ቢያክል ነው። በአንድ ጥግ የቆሙት ድንጋዮች ተራራ ናቸው፤ ከመሐላቸው ነጭ ጠጠር እንደ ፏፏቴ ይወርዳል፤ በድንጋይ ድልድይ ሥር ያልፋል፣ ወንዝ ይሆናል፣ ይሰፋል፣ በመጨረሻ ባዶ ነጭ ጠጠር ብቻ ያለበት ባሕር ይደርሳል። አንድ ጠብታ ውኃ የለም። የሚታየው በድንጋይ የተሣለ የሱሚ ሥዕል ነው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ክልክል በመሆኑም ሰው ሁሉ ተቀምጦ ያያል። አንድ ሰዓት ተቀምጬ ነጩን ጠጠር ብቻ አየሁ።

ከዚያ ባለፈ አንድ ሌላ ቤተ መቅደስ ውስጥ ግን ቀለሜን አውጥቼ ልጀምር ስል ጠባቂው መጡ። እንጨቱ ዘመናትን ያየ ስለሆነ ፈሳሽ ቀለም አይፈቀድም። ልክ ናቸው፤ ቢሆንም ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ ከአጂሳዩ ፊት መነሳቱ ከበደኝ። ማታ ለሴንሴ ስነግራቸው አላዘኑልኝም። አበባው ፊት ማየት፣ ወረቀቱ ፊት መሣል፣ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው አሉ።

የዚያን ሌሊት በጥዱ ቀለም አጂሳይ ሣልኩ። ቀጭኑን ቀለም በአራት አጫጭር ምት፣ አንዱን ካንዱ ሳላነካካ፣ መሐሉን ነጥብ ባዶ ትቼ። ርጥቡ ሳይደርቅ ጠቆር ያለውን ጠብታ አንድ ቦታ ብቻ ጣልኩበት፤ እየተስፋፋ ሄዶ ጥላ ሆነ። ቅጠሎቹን ሰፊና ጥቁር አደረግኋቸው። ከሃያ ሰባቱ አንዱን ምረጪ ብባል እሱን ነው የማነሳው።

የዳይቶኩጂ መነኮሳት የገዳም ምግብንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ሥጋም ዓሣም የሌለበት ነው፤ ለጾመኛ የተሠራ ያህል። ግቢው አጠገብ በላሁ፤ ቀይ የተቀቡ ጎድጓዳ ሳህኖች አንዱ ካንዱ ውስጥ የሚገቡ ናቸው፤ እየበላሁ ስጨርስ መልሰው አንድ ይሆናሉ። 4,000 የን ገደማ ከፈልኩ፣ የጉዞዬ ውድ ምሳ። አይቆጨኝም።

ሰኔ 21፣ የኒሺኪ ገበያ

ኒሺኪ ጠባብ የተሸፈነ የገበያ መንገድ ነው፤ ኮምጣጣ አትክልት፣ ቶፉ፣ ሻይ፣ ቢላ። ሠዓሊው ኢቶ ጃኩቹ የተወለደው እዚህ ነው፣ በ1716 እኤአ፣ የአትክልት ጅምላ ነጋዴ የበኩር ልጅ ሆኖ። አርባ ዓመት ሲሆነው ንግዱን ለወንድሙ ትቶ ሥዕሉን ብቻ ያዘ። በሱሚ ከሠራቸው አንዱ የቡድሃን ዕረፍት የሚያሳይ ነው፤ የተኛው ግን ነጭ ፍጅል ነው፣ በተገለበጠ ቅርጫት ላይ፤ ዙሪያውን የቆሙት ለቀስተኞችም ዱባ፣ ባድንጃን፣ ሌላም ሌላም አትክልት ናቸው። አትክልት ተራ ያደገ ልጅ አትክልቱን እንዲህ ሲያከብር አስቡት። እኔ ያየሁት ሴንሴ ባላቸው መጽሐፍ ላይ ነው።

ሴንሴ የጃኩቹን አንድ ዘዴ አሳዩን። ቀለም በሚጠጣው ወረቀት ላይ ሁለት ቀጭን ምት ጎን ለጎን ሲያርፉ ድንበራቸው ላይ አይዋሐዱም፤ መሐላቸው ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር ትቀራለች። ጃኩቹ የክሪሳንቲመም አበባ ቅጠሎችን የሚለየው በዚህች መስመር ነው። መስመሯን ማንም አልሣላትም፤ ውኃው ነው የተዋት። ስሞክረው ከአሥሩ ሁለቱ ብቻ ተሳኩ።

ከገበያው ማዶ አንድ አሮጌ ቡና ቤት ገባሁ። ዝርዝሩ ላይ «ሞካ» የሚል አየሁ፣ 550 የን። ጃፓኖች የእኛንና የየመንን ቡና በዚህ ስም ነው የሚጠሩት። «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስላቸው ባለቤቱ ከረጢቱን ከጓዳ አምጥተው አሳዩኝ፤ ይርጋጨፌ ነው። ቡናውን ሲያፈሱ እጃቸውን አየሁ፤ ውኃውን የሚያጠጡት ቀስ ብለው፣ እንደ ክር አቅጥነው ነው። ሴንሴ ሱዙሪ ላይ ውኃ እንደሚያደርጉት።

ሰኔ 23፣ ስንብት

ለጃፓኖች ጁን 30 የዓመቱ አጋማሽ ነው። በየመቅደሱ በር ከሣር የተጎነጎነ ትልቅ ቀለበት ቆሞ ሰው በመሐሉ ያልፋል፤ የግማሽ ዓመቱን ኃጢአት ለማራገፍ። የኪዮቶ ሰው በዚያ ቀን ሚናዙኪ የሚባል ጣፋጭ ይበላል፤ ሦስት ማዕዘን፣ ነጭና የሚለመጥ፣ ከላዩ ቀይ ባቄላ የተደረደረበት። የቤቱ እመቤት ሁለት ገዝተው አንዱን ለእኔ አመጡ። ሴንሴ የሚሠሩበትን ብሩሽ አጥበው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፤ የፍየል ፀጉር ነው፣ መያዣው ላይ የጣታቸው ጠባሳ አለ። ጎንበስ አልኩ፤ አልበቃ ቢለኝ ጉልበታቸውን ነካሁ። ትርጉሙን ማንም አልነገራቸውም፤ ገብቷቸዋል።

ሰኔ 29፣ ኢሪያ፣ ቶኪዮ

ከጁላይ 6 እስከ 8 ኢሪያ በሚባለው ሠፈር የአሳጋኦ ገበያ ይቆማል። አሳጋኦ «የማለዳ ፊት» ማለት ነው፤ ጎህ ሲቀድ ይከፈታል፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይጠቀለላል። ስለዚህ ገበያው የሚጀምረው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋር በመጀመሪያው ባቡር ሄድን፤ አንድ ማሰሮ 2,500 የን ገዛን። ቤት ይዘነው ስንገባ አምስት አበባ ክፍት ነበር።

መለከት የሚመስል አበባ ነው፤ በአንድ የሚዞር ምት ይሣላል፣ መሐሉ ላይ የኮከብ ቅርጽ ነጭ ይቀራል። በረንዳው ላይ ተቀምጬ እየሣልኩ አራተኛው ላይ ስደርስ ጠርዙ መታጠፍ ጀመረ። አምስተኛውን ሳልጨርስ ተዘጋ። ወረቀቱ ላይ አራት ተኩል አበባ አለ፤ አልጨመርኩበትም።

ሐምሌ፣ አዲስ አበባ

ቤት ስገባ የመጀመሪያው ሥራዬ አንድ ነገር መፈለግ ነበር። የአባባ የቀለም ቀንድ እናቴ ሳጥን ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ታችኛው ጫፉ ላይ የደረቀ ቀለም ቅርፊት ሆኖ ተጣብቋል፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በየቀኑ ስለሚዘንብ የጣሪያ ውኃ በጀበና ጠለልኩ፤ ሦስት ጠብታ ጣልኩበትና አሳደርኩት። ጠዋት የሴንሴን ብሩሽ ጫፍ ነክቼ፣ የሴንሴ ወረቀት ከቀሩት ሁለት ገጾች በአንዱ ላይ አሳረፍኩት። ከዚያ ውኃ ጨመርኩ፤ ደግሞ ጨመርኩ። አባባ ያን ቀለም እንዲህ ቀጥኖ አላዩትም።

ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ወጣው። የታጠበ ጤፍ መልክ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ «ይኼ ደግሞ ምን አበባ ይሆናል?» አለችኝ። ብሩሹን ጋደም አድርጌ አንድ አበባ ቅጠል ጣልኩ፣ መሐሉን ነጭ ትቼ፤ ስምንት የሚሆን ሲቀረኝ ቀንዱ ውስጥ ያለው አለቀ።